በአንድ በኩል ድፍን የሆነችው ዶቃ

«ይቺ ደግሞ በአንድ በኩል ድፍን ናት» አሉ እትዬ አያልነሽ፣ አንዲት ቀይ ዶቃ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው እያዩ። «ክሩ ይገባል እንጂ አይወጣም። የማይረባ ዕቃ ነው የሸጡልሽ።»

«እንዳይጥሏት እትዬ፣ ሆን ብዬ ነው። በሙጫ የደፈንኳት እኔ ነኝ።»

እትዬ አያልነሽ በመነጽራቸው አናት ላይ አዩዋት። ገንዘቡን አውጥቶ ዶቃ ከገዛ በኋላ ቀዳዳውን የሚደፍን ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠማቸውም። ሆኖም በትምህርት ቤት ነገር ከሔርሜላ ጋር መከራከር ካቆሙ ቆይተዋል። ቀይዋን ዶቃ ለብቻ አስቀመጡና ሌላ አነሱ።

ዴንቨር ውስጥ ሎውሪ ሰፈር ያለው የእትዬ አያልነሽ አፓርታማ ለሔርሜላ ሁለተኛ ቤቷ ነው፤ አንዳንድ ቀን አንደኛም ይሆናል። እናቷ ሙሉነሽ ኤርፖርት ሴኩሪቲ እየሠራች ሌሊት በምትገባባቸው ዓመታት ሔርሜላን አብልተው፣ አጥበው፣ ፀጉሯን ጎንጉነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የሥጋ ዘመድ አይደሉም። ይህን ለሰው ማስረዳት አድካሚ ስለሆነ ግን ቤተሰቡ በሙሉ «አክስታችን» ብሎ ያልፈዋል። እሳቸውም እዚያው ዴንቨር ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋሉ። እንግሊዝኛ የማይሰሙ አዛውንቶች ከአውሮፕላን ሲወርዱ ግራ የተጋባው ሠራተኛ ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ቅዳሜ ዕረፍታቸው ነው፤ የዛሬውን ዕረፍት ደግሞ የአንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የባዮሎጂ ፕሮጀክት በልቶታል።

ፕሮጀክቱ የምግብ ጠረጴዛውን ሞልቶታል። ባዶ የፒዛ ካርቶን የሰው ሕዋስ ሆኗል። መሃሉ ላይ የተለጠፈው ግማሽ የቴኒስ ኳስ የሕዋሱ አስኳል፣ ማለትም ኒውክለሱ ነው። በክር የሚሰኩት ዶቃዎች ዲ ኤን ኤ ናቸው። ሔርሜላ ሰኞ ክፍል ፊት ቆማ ታቀርበዋለች፣ በማግስቱ ደግሞ የሒሳብ ፈተና አለባት። ሳምንቱን ሙሉ በቅጡ ስላልተኛች ዓይኗ ሥር ጥቁር ሆኗል።

«ፈጠን በዪ እንጂ» አሉ እትዬ አያልነሽ። «እናትሽ መጥታ ክላክስ ስታደርግ ሳንጨርስ እንዳንገኝ። ልጄን ሳላየው ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው።»

«ልጄ» የሚሉት ባሲን ነው። ባሲ፣ ሙሉ ስሙ ባስልዮስ፣ የሔርሜላ ታላቅ እህት የፅዮን የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ ከተወለደ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም። ወሊዱ ከበድ ያለ ስለነበር ፅዮን ሆስፒታል ቆይታ ሴንትራል ፓርክ ያለው ቤቷ የገባችው በዚህ ሳምንት ነው። ሔርሜላም ብትሆን ጉንፋን ይዟት ስለነበር ሕፃኑን እስካሁን አላቀፈችውም። ያየችው በስልክ ብቻ ነው፤ በስልክ ደግሞ ሁሌም ተኝቶ ነው። ጉንፋኑ ለቋታል። ዛሬ ተራዋ ነው።

እትዬ አያልነሽም የራሳቸው ተራ አላቸው። በዴንቨርም በአውሮራም ከሚያውቁት ሰው የተወለደ ሕፃን ሁሉ በእሳቸው እጅ አልፏል። ልጁን ይቀበላሉ፣ ግንባሩን ይስማሉ፣ ሁለቱን ጉንጮቹን ይስማሉ፣ ከዚያ አናቱ ላይ «እንትፍ፣ እንትፍ» ብለው ይመርቁታል። ያለ እሳቸው እንትፍታ ያደገ ልጅ ቢኖር ሰዎች ሲያስነጥሰው እንኳ በዚያ ያመካኙበታል። ለዛሬው ጉብኝት ቀሚሳቸውን ተኩሰው በር ላይ ሰቅለዋል፤ አጥሚቱም በፔርሙስ ተሞልቶ ተዘጋጅቷል። ራሳቸው የሠሩት፣ ለባሲ ጭንቅላት ሦስት እጥፍ የሚሆን ነጭ የክር ኮፍያም ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

ክሩ ጫፉ ተበተነባቸው። እንደ ልማዳቸው በምራቃቸው ሊያሾሉት ወደ አፋቸው ወሰዱት። ሔርሜላ ያን ጊዜ ነው ቀና ያለችው።

በታችኛው ከንፈራቸው ጥግ ላይ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ነገሮች ተቃቅፈው ወጥተዋል። ዙሪያቸው በአረንጓዴ ጭማቂ ተለቅልቋል።

«እትዬ፣ ከንፈርዎ ምን ሆነ?»

«ምች መታኝ» አሉ፣ ክሩን እያስገቡ። «ትናንት አንዷን ሴትዮ እስከ መኪናዋ ላድርሳት ብዬ፣ ምሳዬን እንደበላሁ አፌን ሳልጉመጠመጥ ፀሐይ ላይ ወጣሁ። የራሴ ጥፋት ነው። ዳማከሴ አሽቼበታለሁ፣ ይተወኛል።»

የዳማከሴዋ ተክል መስኮቱ ሥር በአሮጌ የቀለም ባልዲ ውስጥ ናት። የዴንቨር በረዶ ስንት ጊዜ እንደገደላትና እሳቸው ከስንት ሰው ቤት ቅንጣቢ ለምነው እንዳስነሷት ሔርሜላ በቃሏ ታውቀዋለች። ልጅ ሆና ከንፈሯ ላይ በወጣባት ቁጥርም ቅጠሏን በመዳፋቸው አሽተው የቀቧት እሳቸው ናቸው። ያን ቅዝቃዜ ትወደው ነበር።

አሁን ግን ከንፈራቸውን አየች፣ ካርቶኑን አየች። የካርቶኑ ክዳን ላይ ርዕሱን እስካሁን ያልጻፈችው አፍራ ነው፤ ፕሮጀክቷ የሚያስረዳው ቫይረስ ስሙ ክፍል ውስጥ በተጠራ ቁጥር የኋላ ወንበሮቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ሳምንቱን ሙሉ ያነበበችው ነገር እፊቷ ተቀምጦ ዶቃ እየሰካ ነበር።

«መጣሁ እትዬ» ብላ መታጠቢያ ቤት ገባችና እናቷ ጋ ደወለች። ሙሉነሽ መንገድ ላይ ነበረች።

«ማሚ፣ እትዬ ከንፈራቸው ላይ ወጥቶባቸዋል። ምች ነው ይላሉ። ግን ኮልድ ሶር ነው፣ ቫይረስ ነው። ፕሮጀክቴ ራሱ የተሠራበት። ባሲን መሳም የለባቸውም።»

«ምች ደግሞ መቼ ነው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው? ፀሐይ እኮ ነው።»

«ማሚ፣ ሲሪየስሊ። ለእኛ ምንም አይደለም። ለአራስ ልጅ ግን ሊገድለው ይችላል።»

በስልኩ ውስጥ የመኪናዋ ፍሬቻ ብቻ ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማል።

«ይገድላል?»

«ሁሌ አይደለም። ግን አንጎሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ጉበቱም ውስጥ። ሰውነቱ ገና መከላከል አልለመደም።»

«እሺ» አለች ሙሉነሽ፣ በሥራ ቦታ ድምጿ። «እንዲህ ይሆናል። ለፅዮን እደውልላትና ዶክተሩ እንግዳ ከልክሏል ብላ ለእትዬ ቴክስት ታደርጋለች። አንቺን ይዤሽ እሄዳለሁ፣ እሳቸው ይቀራሉ። አንቺ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። ያንን የቫይረስ ስም ለእሳቸው ጠርተሽ ከዚያ በኋላ ቀና ብለሽ ልታያቸው ነው? አንቺን ያሳደጉ ሴት?»

ሔርሜላ ስልኩን ዘግታ መስታወቱ ፊት ቆመች። ውሸቱ መጥፎ ውሸት አልነበረም፤ ለስላሳ ነው፣ ማንንም አያሳፍርም። ግን የተተኮሰው ቀሚስ በዓይኗ መጣባት። የሚቀጥለው ሳምንትም መጣባት፤ ሌላ ቤት፣ ሌላ አራስ፣ ሌላ እንትፍታ፣ እትዬ አያልነሽም ምንም ሳያውቁ። ከመታጠቢያ ቤቱ ወጣች።

«ሆድሽን አመመሽ እንዴ?»

«ኧረ አላመመኝም።»

«እንግዲያው ቁጭ በዪና ስለዚች ድፍን ዶቃ ንገሪኝ። አንጎሌን በላችው።»

ሔርሜላ ተቀመጠች። አጠገቧ ካለው የቆሎ ሳህን ላይ አንዲት ሽምብራ አንስታ የካርቶኑ ጠርዝ ላይ አደረገቻት።

«ይቺ ቫይረሱ ናት። ብቻዋን ምንም ማድረግ አትችልም፤ ወጥ ቤትም ዕቃም የላትም። መባዛት ስትፈልግ የሰው ቤት ትገባለች። ቆዳችን ላይ ያለው ሕዋስ በር ላይ ትለጠፍና ካፖርቷን አውልቃ ትገባለች። እዚህ ኳሱ ጋ ስትደርስ ዲ ኤን ኤዋን ወደ ውስጥ ትልካለች። ከዚያ ሕዋሱ የራሱን ሥራ ትቶ ለሷ መሥራት ይጀምራል። መጀመሪያ ዕቃዎቿን ይሠራላታል፣ ከዚያ ዲ ኤን ኤዋ ይገለበጣል፣ እንዲህ፣ ዶቃ በዶቃ። መጨረሻ ላይ ቅጂዎቹ አዲስ ሽፋን ይለብሱና ብዙ ሆነው ይወጣሉ።»

«በሰው ወጥ ቤት፣ በሰው ሽንኩርት» አሉ እትዬ አያልነሽ። «ባለቤቱስ?»

«ሕዋሱ ይሞታል።»

«ወይ ድፍረት።»

«ድፍኗ ዶቃ መድኃኒቷ ናት። አሲክሎቪር ይባላል። ዶቃ ትመስላለች፣ ግን ሰውነት ውስጥ ዝም ብላ ነው የምትዞረው። የሚቀሰቅሳት የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም ነው። ስለዚህ ሥራዋን የምትሠራው ቫይረሱ ያለበት ቤት ነው እንጂ ጤነኛውን ብዙም አትነካም። ቫይረሱ እውነተኛ ዶቃ ትመስለውና ይሰካታል። እስቲ ይሰኳት።»

እትዬ አያልነሽ ቀይዋን ዶቃ ክሩ ላይ ሰኩ። ሌላ ሊያስከትሉ ሞከሩ፤ ክሩ የሚወጣበት የለውም። አንዴ ሞከሩ፣ ደገሙ፣ ከዚያ ነገሩ ገባቸውና ከት ብለው ሲስቁ ከንፈራቸውን አመማቸው።

«በገዛ እጁ» አሉ፣ አፋቸውን ሸፍነው። «በገዛ እጁ ዘጋው እኮ። ይህን ያሰበው ሰው እጁ ይባረክ። ታዲያ አለቀለታ?»

«አላለቀለትም። ገና መቆጥቆጥ ሲጀምር ከተዋጠ ሕመሙን ያሳጥረዋል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ጥቂቶቹ ቀድመው በነርቭ ሽቅብ ይወጡና እዚህ፣ ጆሯችን አጠገብ ይተኛሉ፤ ዕድሜ ልክ። እንደተኙ ምንም ስለማይገለብጡ ዶቃዋ ምንም አታደርጋቸውም።»

«መቼ ነው የሚነሱት?»

ሔርሜላ ጣቶቿን አየች። እዚህ ላይ ዝም ብትል ታሪኩ ያልቅ ነበር።

«ሰውየው ሲደክመው። ሲያተኩሰው፣ ሲጨነቅ።» ቀና አለች። «ፀሐይ ሲመታውም።»

የእትዬ አያልነሽ እጅ ከነክሩ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ከንፈራቸው ሄደ፣ ሳይደርስም ተመለሰ።

«ምች ነው እንዴ የምታወሪልኝ?»

«አዎ፣ እትዬ። በፀሐዩ ግን ልክ ነዎት። ፀሐዩ ይቀሰቅሰዋል። ግን የሚቀሰቅሰው ተኝቶ የነበረውን ነው እንጂ አዲስ አይፈጥርም። ከተነሳ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው ያልፋል። በመሳም፣ በምራቅ...»

«በእንትፍታም» አሉ እትዬ አያልነሽ።

ይህን ሔርሜላ ለመናገር ድፍረቱን አላገኘችም ነበር። ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

«ፈረንጆቹ ማን ይሉታል?»

«ሄርፐስ ሲምፕሌክስ።»

ቃሉን ያውቁታል። ኤርፖርት ማረፊያ ክፍል ውስጥ ወጣቶቹ ሠራተኞች የአባላዘር በሽታ ነው እያሉ ሲቀልዱበት ሰምተዋል። ፊታቸው ተለወጠና ሔርሜላ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረች። «ከዓለም ሕዝብ ከግማሽ በላይ ይሄኛው፣ የከንፈሩ ዓይነት አለበት። ብዙው ሰው በልጅነቱ ነው የሚይዘው፣ ከሚወደው ሰው። እኔም አለብኝ፣ ፈተና ሲደርስ ይወጣብኝ የለ? እኛ ትልልቆቹ እንችለዋለን። ባሲ ነው የማይችለው። አሁን ገና ነው፣ በጣም ትንሽ ነው።»

«አንቺን ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ።»

«ማወቅ አይቻልም። ማሚም ልትሆን ትችላለች፣ ማንም ሊሆን ይችላል።»

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ አያልነሽ። «ካንቺ በላይ የሳምኩት ልጅ የለም።»

«ከእርስዎ ከሆነ ይሁን» አለች ሔርሜላ፤ ሌላ የምትለው ስላጣች ሳይሆን እውነቷን ስለሆነ ነው።

እትዬ አያልነሽ ተነሥተው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። ቧንቧው ተከፈተና ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። ሔርሜላ ብቻዋን ከካርቶኑ ጋር ቀረች። እናቷ ልክ ነበረች ብላ አሰበች፤ አሁን እሳቸውን ቀና ብላ ማየት ሊያቅታት ነው። በዚህ መሃል ጠረጴዛው ላይ ያለው የእትዬ አያልነሽ ስልክ በራ። ከፅዮን ነው። «እትዬ ሶሪ፣ ዶክተሩ ዛሬ እንግዳ እንዳይገባ ከልክሎናል።»

እትዬ አያልነሽ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ እያደረቁ መጡ። ስልኩን አንስተው መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

«ዶክተሩ አንቺ ነሽ?»

ሔርሜላ አንገቷን ደፋች።

«ይህን የፈጠረችው እናትሽ ናት። ሙሉነሽ እኮ መዋሸት አትችልበትም፤ ድሮም አትችልበት።» ቀሚሱን ከበሩ ላይ አወረዱ። «እጄን ታጥቤያለሁ። ሥራ ቦታ የምይዘው ማስክ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አልነካውም፣ አልስመውም። ከሩቅ ባየውስ? ዶክተር፣ ይፈቀዳል?»

«ይፈቀዳል» አለች ሔርሜላ።

ክላክሱ ሲጮህ አብረው ወረዱ። ሙሉነሽ ሁለቱንም ስታይ ፊቷ ቀላ፤ ሔርሜላን በመስታወት ውስጥ አፈጠጠችባት። እትዬ አያልነሽ ፔርሙሱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቀበቷቸውን አሰሩ።

«ልጅቷን እንዳትቆጫት» አሉ። «እሷ ሰው ብላኝ ነገረችኝ። እናንተ ልታባብሉኝ ነበር።»

«እትዬ፣ እንዳይከፋዎት ብዬ እኮ ነው።»

«ከፍቶኛል። ያልፋል። ንጂ አሁን፣ አጥሚቱ ሳይቀዘቅዝ።» ትንሽ ከሄዱ በኋላ ወደ ኋላ ዞሩ። «ሔርሚ፣ ሰኞ ክሊኒክ ትደውዪልኛለሽ። ያቺ ድፍን ዶቃ ለኔም ትሆን እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

ኩቤክ ጎዳና ላይ መብራት ይዟቸው ቆመው ሳለ ሔርሜላ ከላይኛው ከንፈሯ ሥር አንድ ነገር ቆጠቆጣት። በምላሷ ነካችው። ምንም የለም፤ ለስላሳ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስለዚህ ነገር አንብባ፣ ዛሬ ደግሞ ስታወራው ውላ ባይቆጠቁጣት ነበር የሚገርመው። እንደዚያ ብላ ተወችው። ሴንትራል ፓርክ ሲደርሱ ግን እንደገና ቆጠቆጣት፣ እዚያው ቦታ ላይ።

ፅዮን በሩን የከፈተችው አልቅሳ ነው። ውሸቱ መታወቁንና እትዬ እየመጡ መሆኑን እናቷ ከመንገድ ደውላ ነግራታለች። እትዬ አያልነሽን ልትጠመጠምባቸው ስትል በእጃቸው ከለከሏት፣ ፔርሙሱን ሰጧትና ሳሎኑ ጥግ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ማስካቸውን አድርገው ተቀመጡ። የፅዮን ባል ቴዲ ሕፃኑን አምጥቶ ከመሃል ክፍሉ ሆኖ አሳያቸው። ባሲ አንድ ዓይኑን ብቻ ገልጦ የክፍሉን ጣራ ይመረምራል። እትዬ አያልነሽ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ከፍ አደረጉ።

«እደግ፣ ተመንደግ። ለእናት ለአባትህ፣ ለኛም ለአሮጊቶቹ ኑርልን።» ከዚያ አፋቸው በልማድ ሊቀጥል ሲል ያዝ አደረጉት። ማስኩ በትንሹ ተነፋና ተመለሰ። «እንትፍታው ይቆይህ» አሉ። ድምፃቸው ደህና ነበር፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። ሙሉነሽ እትዬ ያመጡትን ኮፍያ የምታይ መስላ ዞር አለች።

«በይ ሔርሚ» አለች ፅዮን። ሕፃኑን ከቴዲ ተቀብላ ወደ እህቷ አቀረበችው። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትጨቀጭቂኝ አልነበር? ነይ ያዢው። አንገቱን ብቻ ደገፍ አድርጊ።»

ሔርሜላ እጆቿን ዘረጋች። ባሲ የወተትና የንጹሕ ልብስ ሽታ ይሸታል። ከፎቶው ይልቅ ቀልቷል፣ ከፎቶውም ይልቅ አንሷል። የትኛውም ሰው የእሷን ከንፈር ቢያየው ምንም አያገኝበትም። ቁጥቆጣው ግን እዚያው ነው። ቫይረሱ ገና ምንም ሳይታይ ከሰው ወደ ሰው እንደሚያልፍ ሰኞ የምታነበው ወረቀት ላይ ራሷ ጽፋዋለች።

«ምነው?» አለች ፅዮን። «ፈራሽ እንዴ?»

«ወድጄው ነው» አለች ሔርሜላ። እጆቿን መለሰችና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። «ፅዩ፣ እኔም እየጀመረኝ ነው መሰለኝ። በሌላ ቀን እይዘዋለሁ።»

ሙሉነሽ ልጇን ያየችበት አስተያየት መኪናው ውስጥ ካየቻት የተለየ ነበር። ሔርሜላ ሳሎኑን አቋርጣ ወደ መስኮቱ ሄደች። እትዬ አያልነሽ ምንም አልጠየቋትም። ሌላ ወንበር ወደ ጎናቸው ሳቡላትና ቦርሳቸውን ከፍተው ሁለተኛውን ማስክ አወጡላት።